ፍልሰታ በሳንቲያና

ባለፈው ጥቅምት ለመኪናዬ ዊንተር ታየር፣ የበረዶ ጎማ፣ ላስገጥም ካልጋሪ ኢንተርናሽናል አቬኑ ላይ ወዳለ ጋራዥ ሄጄ ነበር። ሰውየው «አንድ ሰዓት ተኩል ጠብቂ» ሲለኝ፣ እዚያ ቁጭ ብዬ የጎማ ሽታ ከምምግ ብዬ በመንገዱ ዳር መራመድ ጀመርኩ። ንፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ሦስት አራት ሱቅ እንዳለፍኩ የአንዲት ትንሽ ዳቦ ቤት በር ተከፍቶ ሰው ወጣ። ከሰውየው ጋር አብሮ የወጣው ሽታ እግሬን ያዘው። ቀስ ብሎ የሚፈላ ወተት ነው፤ የሎሚ ልጣጭና ቀረፋ የገባበት።

ገባሁ። ከባንኮኒው ኋላ ያለችው ሴት ትልቅ ድስት እያማሰለች ነበር። «ሩዝ በወተት ነው፤ አሁን ነው የሚወጣው፤ ልስጥሽ?» አለችኝ በእንግሊዝኛ። እሺ አልኳት። በወረቀት ኩባያ ሰጠችኝና መስኮቱ አጠገብ ተቀመጥኩ። ማንኪያውን ይዤ ሳልበላ ቆየሁ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ የምበላውን የሚቆጣጠር ሰው የለብኝም። ቢሆንም ያ ሽታ ሲመጣብኝ ዘወር ብዬ ከኋላዬ ሰው መኖሩን አያለሁ። መጀመሪያ ስቀምሰው አሥር ዓመቴ ነበር፤ ጾም ላይ ነበርኩ፤ አገሩም ካልጋሪ አልነበረም።

ያን ጊዜ እዚሁ ካልጋሪ፣ ማርቲንዴል የሚባል ሰፈር ነበር የምንኖረው። አባቴ የሎንግ ሆል፣ የረጅም መንገድ፣ ትራክ ሹፌር ስለነበር ቤት የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። በየቀኑ የምንተያየው እናቴ፣ እኔና የእናቴ አባት ነን። እሳቸውን አባባ ነው የምንላቸው። ጎንደር ተወልደው ያደጉ ግንበኛ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ድንጋይ ሲጠርቡና ሲያነባብሩ ኖረው፣ ባለቤታቸው እማማ ብርቄ ሲሞቱ እናቴ ወደ ካናዳ አመጣቻቸው። የመጡ ቀን ሳሎናችንን ዞረው ዞረው ግድግዳውን በጣታቸው ቆረቆሩት። ካርቶን መሳዩ ድራይዎል ድው ድው አለ።

«ይሄ ቤት መቼ ነው የሚያልቀው?» ብለው ጠየቁ።

«አልቋል እኮ አባባ» አለች እናቴ።

አንዴ ደግመው ቆረቆሩት። ከዚያ በኋላ ግድግዳ ሲደገፉ አይቻቸው አላውቅም።

አባባ ዳዊታቸው ውስጥ የሚያስቀምጡት አንድ ፎቶ ነበር። ትልቋ ልጃቸው ጽጌ፣ የእናቴ ታላቅ እህት፣ ከአንድ ግዙፍ የድንጋይ ቤት ፊት ቆማለች። ከጭንቅላቷ በላይ የእንጨት ሰገነት አለ፤ ከሰገነቱ ቀይ አበባ ይፈስሳል። ግድግዳው ላይ ደግሞ ከእኔ ቁመት የሚበልጥ፣ ወፍ የተቀረጸበት የድንጋይ ጋሻ ይታያል። አክስቴ የምትኖረው ስፔን፣ በሰሜን በኩል፣ ሳንቲያና ዴል ማር በምትባል ጥንታዊ ትንሽ ከተማ ነው። ያን ቤት ያየ ሁሉ የሷ ይመስለዋል፤ እኛም የሷ ነው የምንለው።

እናቴ ፎቶውን ማየት አትወድም ነበር። ከእህቷ ጋር ከተነጋገሩ አራት ዓመት አልፏል። እማማ ብርቄ ያረፉ ጊዜ እናቴ ከካልጋሪ ብቻዋን በርራ ቀበረች፤ ጽጌ አልመጣችም። «ያን የመሰለ ቤት ውስጥ ተቀምጣ እናቷን አፈር ሳታለብስ ቀረች» ትላለች እናቴ። ከዚያ በላይ አትናገርም። አባባ ግን እናቴ ሥራ ስትሄድ ከጽጌ ጋር በስልክ ይነጋገሩ እንደነበር እኔ አውቃለሁ። ስልኩን የምሰጣቸው እኔ ነበርኩ።

እናቴ ኬር ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ፣ ውስጥ ነበር የምትሠራው። አረጋውያንን ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ታበላለች። ብዙ ጊዜ ደብል ሺፍት ነው። ቤት ስትገባ መጀመሪያ የምታደርገው እጇን ቫዝሊን መቀባት ነው።

በዚያ ዓመት ሰኔ ላይ አባባ እራት እየበላን «ጉልበቴ ሳይከዳኝ ልጄን ልያት» አሉ። እናቴ ሹካዋን አስቀመጠች። ከብዙ ቀን በኋላ እንዲሄዱ ተስማማች፤ እሷ ግን አትሄድም። «ኦፍ አይሰጡኝም» አለች። ኤርፖርት ላይ እንግሊዝኛ የሚናገርላቸው ሰው ስለሚያስፈልግና ትምህርት ቤትም ስለተዘጋ እኔ እንድሄድ ተወሰነ።

መሄጃችን ቀን እናቴ ኤርፖርት ላይ ጎንበስ ብላ የጃኬቴን ዚፕ ዘጋችልኝ። «ማሂ፣ ዓይንሽን ገልጠሽ እይ። እንዴት እንደምትኖር አይተሽ ትነግሪኛለሽ። እሺ?»

እሺ አልኳት። ፈረስ የተሳለበት ማስታወሻ ደብተር ነበረኝ፤ አውሮፕላኑ ገና ሳይነሳ አውጥቼ የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ሪፖርት» ብዬ ጻፍኩ።

ዴል ማር ማለት «የባሕር» ማለት እንደሆነ ከኮምፒውተር ላይ አንብቤ ስለነበር ሻንጣዬ ውስጥ የመዋኛ ልብስና የውኃ መነጽር ይዤ ነበር። ጓደኞቼ ሁሉ ባሕር ልሄድ እንደሆነ ያውቃሉ። ሁለት አውሮፕላንና አንድ አውቶቡስ ቀይረን ሳንታንደር የሚባል ከተማ ደረስን፤ አክስቴ የጠበቀችን እዚያ አውቶቡስ ጣቢያ ነው። ቀጭን ናት፤ ከፎቶው ይልቅ አጭር። የአባባን ጉልበት ልትስም ስትወርድ ክንዷን ይዘው አነሷት። ሲላቀሱ እኔ ሻንጣዎቹን ጠበቅኩ። አባባ እጇን አልለቀቁም፤ መዳፏን ገልብጠው አዩትና መልሰው ጨበጡት።

ሳንቲያና ስንደርስ መኪና አይገባም ተብሎ ከመግቢያው ላይ ወረድን። የሻንጣዬ ጎማ በኮብል ድንጋዩ ላይ ሲንኳኳ ከተማው ሁሉ የሚሰማን መሰለኝ። ግራና ቀኝ የድንጋይ ቤት ነው፤ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ጋሻ ተቀርጿል። እኔ የፖሊስ ባጅ መስሎኝ ይህን ሁሉ ፖሊስ ጣቢያ ምን አመጣው እል ነበር። መንገዱ ካሜራ በያዘ ሰው ተሞልቷል፤ ሁሉም አምሮበታል፤ ሠርግ አለ ብዬም አስቤ ነበር። አባባ ግን ሰውን አላዩም። በየአሥር እርምጃው ቆመው መዳፋቸውን ግድግዳ ላይ ያሳርፋሉ። «ተመልከቺ ይሄን ማዕዘን» አሉኝ። «በክር የተለካ አይመስልም? ይሄን የጠረበ ሰው አልቸኮለም።»

«ባሕሩ የት ነው?» አልኩ አክስቴን።

«ባሕር የለም ማሂዬ» ብላ ሳቀች። «የዚህ አገር ሰዎች ሲቀልዱ ከተማችን ሦስት ጊዜ ትዋሻለች ይላሉ። ስሟ ቅድስት ነኝ ይላል፤ አይደለችም። ሜዳ ነኝ ይላል፤ ይኸው ዳገት ነው። የባሕር ነኝ ይላል፤ ባሕሩ ግን በአውቶቡስ ነው የሚኬደው።»

ለጓደኞቼ ምን እንደምል እያሰብኩ ቤት ደረስን።

ቤቱ ፎቶው ላይ እንዳለው ነው፤ ውስጡ ግን ይቀዘቅዛል። ምድር ቤቱ ዱሮ የከብት በረት ነበር፤ ባዶውን ነው፣ ግን ዝናብ ሲዘንብ የላም ሽታ ከድንጋዩ ይወጣል። ላይኛው ፎቅ ላይ ትልልቅ ክፍሎች አሉ፤ ሁሉም ተቆልፈዋል። ቁልፎቹ በአንድ ትልቅ ቀለበት ተሰክተው አክስቴ ወገብ ላይ ይንሿሿሉ። ለአባባና ለእኔ ሁለት አልጋ ያለው ክፍል ተከፈተልን። አክስቴ ራሷ የምትተኛው ከወጥ ቤቱ አጠገብ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ነው። ይህን ሁሉ ክፍል ይዛ ለምን ትንሿን እንደመረጠች ገረመኝ። ወጥ ቤቱ ስለሚሞቅ ነው ብዬ ደመደምኩ።

ወጥ ቤቱ ውስጥ አንዲት አሮጊት ነበረች። ጥቁር ሹራብ ለብሳ፣ ሳህን ጭኗ ላይ አድርጋ ባቄላ ትፈለፍላለች። «ዶኛ አንሄላ ናቸው» አለችን አክስቴ። እኔ ዶኛ ስሟ፣ አንሄላ ደግሞ የአባቷ ስም መሰለኝ። በማግስቱም ባቄላ ስትፈለፍል አገኘኋት፤ በሦስተኛው ቀን ድንች ስትልጥ። አክስቴ እየገባች እየወጣች ታዝዛታለች፤ ተቀመጪ፣ ጠጪ፣ ቢላውን ስጪኝ፣ ወደ ደረጃው እንዳትሄጂ የምትል ይመስለኛል። ዶኛም ታጉረመርምና ትታዘዛለች። ቁልፍ የያዘው ማን ነው? አክስቴ። የሚያዝዘው ማን ነው? አክስቴ። ድንች የሚልጠው ማን ነው? ደብተሬ ላይ «ሠራተኛ አላት፤ አሮጊት ናት» ብዬ ጻፍኩ።

አንድ ነገር ብቻ ግራ ገብቶኝ ነበር። አባባ ዶኛ ወጥ ቤት በገባች ቁጥር ከመቀመጫቸው ይነሣሉ። «እሜቴ፣ እንዴት አደሩ?» ይሏታል በአማርኛ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። ለሠራተኛ እንዲህ የሚነሣ ሰው አይቼ አላውቅም። አባባ ለሁሉም ሰው እንዲያ ናቸው ብዬ አለፍኩት።

የደረስነው ፍልሰታ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ፍልሰታን በቤታችን ልጅም ይጾማል፤ አባባ ሽሮና በርበሬ ይዘው የመጡትም ለዚህ ነው። ሳንቲያና ደግሞ የወተት ከተማ ናት። በየበሩ ላይ ወተት በብርጭቆ፣ ቢጫ ኬክ በሳህን ይሸጣል። ቱሪስቱ ሁሉ የወተት ፂም አብቅሎ ነው የሚሄደው። እኔ ደረቅ ዳቦ እየበላሁ በዚያ መሀል ማለፍ ነበረብኝ። አክስቴም ትጾም ነበር። ስንት ዓመት ብቻዋን እንደጾመች አባባ ሲጠይቋት «ቀኑን የሚነግረኝ ሰው ስለሌለ አንዳንዴ ሁለት ሦስት ቀን ጨምሬ ነው የምጾመው፣ እንዳይጎድል» አለቻቸው።

አንድ ጠዋት ከአባባ ጋር የከተማዋን ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ልናይ ሄድን። ቲኬት የሚቆረጥበት ነው። አባባ ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን መፍታት ጀመሩ።

«አባባ፣ እዚህ ጫማ አይወለቅም» አልኳቸው። ሰዎች እያዩን ነበር፤ አንዱ ካሜራውን አነሣ። ፊቴ ጋለ።

«የእግዚአብሔር ቤት አይደለም?»

«ነው፣ ግን የነሱ ነው።»

«ድንጋዩን ያነጠፈው ሰው ለነሱ ብሎ አይደለም ያነጠፈው» አሉና በካልሲ ገቡ። ከኋላቸው እንዳልሄድ ፈራሁ፣ እንዳልቀር ደግሞ ጫማቸው መሀል መንገድ ላይ ነው። ቲኬት የምትቆርጠው ሴት ብድግ አለች። ልትቆጣን ነው ስል ጫማውን አንስታ፣ እንዳይረገጥ ወንበሯ ሥር አስቀመጠችና ተመልሳ ተቀመጠች። ውስጡ አራት ማዕዘን ግቢ አለ፤ ዙሪያውን ምሰሶ፤ በየምሰሶው አናት ላይ ሰውና አንበሳ ተቀርጿል። አባባ እያንዳንዱን ምሰሶ እየዞሩ አዩ። አንድ ሰዓት ሙሉ ፈጀባቸው። ስንወጣ ሴትየዋ ጫማቸውን በሁለት እጇ ሰጠቻቸው፤ እሳቸውም በሁለት እጃቸው ተቀበሉ።

የሩዙ ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከሰዓት ላይ አክስቴ ፋርማሲ ሄዳ ነበር፤ አባባ ተኝተዋል። ሽታው እላይ ድረስ ወጥቶ ጠራኝ። ስወርድ ዶኛ ወንበር ላይ ተቀምጣ ምድጃው ላይ ያለ ድስት ታማስላለች። አየችኝና በጣቷ ጠቀሰችኝ። ወተት፣ ሩዝ፣ የሎሚ ልጣጭ፣ ቀረፋ። በትንሽ የሸክላ ሳህን ቀድታ ከላይ ስኳር ነሰነሰችና ወደኔ ገፋችው። ራሴን ነቀነቅኩ። ጉንጬን ይዛ ቆንጠጥ አደረገችና የሆነ ነገር አለችኝ፤ ከስተሻል ማለቷ ነው መሰለኝ። ሠራተኛዋ ለኔ ብላ በድብቅ የሠራችውን እምቢ ብል ታዝናለች አልኩ ለራሴ። ሳህኑን ላስኩት።

ማታ ለጸሎት ስንቆም አባባ አጠገቤ ሆነው ትንፋሼን አሸተቱ መሰለኝ። «ጣፈጠሽ?» አሉኝ ቀስ ብለው። ማልቀስ ጀመርኩ። «ያበላሽን ሰው አስከፍተሽ ከምትጾሚ ይሻላል። ነገ ትቀጥያለሽ» አሉና ወደ ጸሎታቸው ተመለሱ።

እናቴ ረቡዕና ቅዳሜ ነበር የምትደውልልን፣ ሥራ ከመግባቷ በፊት። ለኛ ያን ጊዜ አመሻሽ ላይ ነው። ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ያለው ስልክ ሲጮህ አክስቴ «ያንቺ ነው» ትለኝና ወደ ጓሮ ትወጣለች። እጀታውን አትነካውም። በዚያ ቅዳሜ ስልኩን አነሳሁ፤ ደብተሬንም ገለጥኩ።

«እንዴት ነች?» አለች እናቴ። ሁልጊዜ ስሟን ሳትጠራ ነው የምትጠይቀው።

ቤቱ ስንት ክፍል እንዳለው ነገርኳት። ስለ ቁልፎቹ ነገርኳት። ከዚያ ደስ እያለኝ፣ ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ አደረግኩና «ሠራተኛ አላት» አልኩ። «አሮጊት ፈረንጅ ናት። ባቄላ ትፈለፍላለች፣ ድንች ትልጣለች። እትዬ ጽጌ ስታዛት እሺ ትላለች።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሄሎ?» አልኩ።

«እኔ እዚህ አሮጊት ሳጥብ እውላለሁ» አለች። ድምፅዋ አልጮኸም። «እሷ አሮጊት አስቀምጣ ታሠራለች። ጥሩ። ከእንግዲህ ስለሷ አትንገሪኝ። አባባን መድኃኒታቸውን አስታውሺ።» ዘጋችው።

አክስቴ ከጓሮ ስትመለስ ልብስ ይዛ ነበር። «ደኅና ናቸው?» አለችኝ። ደኅና ናቸው አልኳት። ሪፖርቱን በደንብ ያቀረብኩ ስለመሰለኝ እናቴ ለምን እንዳልተደሰተች አልገባኝም።

በማግስቱ እሑድ ነበር። እኩለ ቀን ላይ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት፣ ጃኬት የለበሰ ሰው በሩን በራሱ ቁልፍ ከፍቶ ገባ። ዶኛን ግንባሯን ሳማት። ሉዊስ ይባላል፤ ልጇ ነው፤ የሚኖረው ሳንታንደር ነው። አክስቴ የቁልፍ ቀለበቱን ከወገቧ ፈትታ ሰጠችው። ከተቆለፉት ክፍሎች አንዱን ከፍቶ ገባና ወረቀት ሲፈልግ ቆየ፤ አክስቴ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው። ሲወጣ ክፍሉን ቆልፎ ቁልፉን መለሰላት።

ምሳ የቀረበው ወጥ ቤት ሳይሆን ትልቁ ክፍል ውስጥ ነበር። ዶኛ በጠረጴዛው ራስ ላይ ተቀመጠች፤ በቀኟ ልጇ፣ በግራዋ አባባና እኔ። አክስቴ ነጭ ሽርጥ ለብሳ ታቀርባለች። ለኔና ለአባባ የጾም ምግብ ለብቻ ሠርታልናለች። አቅርባ ስትጨርስ አትቀመጥም፤ በሩ አጠገብ ትቆማለች። የምትቀመጥበትም ወንበር የለም፤ ጠረጴዛው ዙሪያ አራት ወንበር ነው ያለው። ቆጠርኩት።

ሉዊስ እንግሊዝኛ ይችል ነበር። ወደኔ ዞሮ «አክስትሽ ለእናቴ በጣም ጥሩ ሰው ናት» አለኝ። «አምስት ዓመት ሆናት። እሷ ባትኖር ይሄን ቤት ዘግተን እናቴን ወደ ከተማ መውሰድ ነበረብን። እዚያ ደግሞ አትኖርም።»

አባባ «ምን አለ?» አሉኝ።

አክስቴን አየኋት። በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። አልጠቀሰችኝም፣ ራሷንም አልነቀነቀችም፤ ሳህን በደረቷ አቅፋ ዓይኔን ዓይኔን ነው የምታየኝ። የፎቶው ቤት፣ ቁልፉ፣ ጠባቧ ክፍል፣ የአባባ እሜቴ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ቦታ ቦታቸውን ያዙ። «ዶኛ» ማለትም እንደ እሜቴ ያለ የአክብሮት መጠሪያ ነበር ለካ። ዶኛ አንሄላን አየኋቸው። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ለሴትየዋ «እሷ» ማለት አልቻልኩም።

«ምግቡ ጣፈጣችሁ ወይ ነው የሚለው» አልኩ።

አባባ ለሉዊስ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው አመሰገኑ። ከዚያ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ንገሪው ልጄ። ጣፍጦናል፤ ያበሰለችው ልጄ ከጎኔ ብትቀመጥ ደግሞ የበለጠ ደስ ይለኛል በይው። ከተቀየመ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ነገርኩት። ሉዊስ ቀላ። ተነሥቶ ከግድግዳው ሥር የነበረ ከባድ ወንበር ጎትቶ አመጣ። አክስቴ «አይሆንም፣ አይሆንም» አለች። ዶኛ ግን ከዘራቸውን ወለሉ ላይ አንዴ መቱና ወንበሩን በጣታቸው አሳዩዋት። አክስቴ ጫፉ ላይ ተቀመጠች። ዶኛ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ውኃ ቀዱላት፤ ግማሹ ጨርቁ ላይ ፈሰሰ፤ ማንም አልጠረገውም።

ሉዊስ ከሄደ በኋላ አባባ ይዘውኝ ወጡ። ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት፣ ሴቶች ዱሮ ልብስ ያጥቡበት የነበረ የድንጋይ ገንዳ አለ፤ ውኃው ዛሬም ይፈስሳል። ጠርዙ ላይ ተቀመጥን።

«ቤቱ የእትዬ ጽጌ አይደለም» አልኳቸው።

«አይደለም።»

«ያውቁ ነበር?»

«አውቶቡስ ጣቢያ እጇን ሳይ አወቅኩ። እንደ እናትሽ እጅ በውኃና በሳሙና የሻከረ ነው።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ራሷ እስክትነግረኝ ልጠብቅ ብዬ ነው። ሰው የደበቀውን ነገር ሲያወጣ ዝም ብሎ መቀበል ነው እንጂ፣ ቀድሞ መንጠቅ ያሳፍረዋል።»

ያን ጊዜ አልቻልኩም፤ ለእናቴ የነገርኳትን ሁሉ ዘከዘክሁት። ሠራተኛ አላት ማለቴን፣ ድንች ትልጣለች ማለቴን፣ እናቴ የመለሰችውን። አባባ እጃቸውን ውኃው ውስጥ ነክረው ቆዩ። «በአፍሽ ያጣመምሽውን በአፍሽ ታቃኚዋለሽ» አሉ በመጨረሻ። «እኔ አልደውልልሽም።»

አክስቴ ዶኛን አስተኝታ ፈልጋን መጣች። ከአባባ በዚያ በኩል ተቀመጠች፤ ማንም ሳይጠይቃት መናገር ጀመረች። ፎቶውን የላከች ጊዜ እናቴ «ይሄ ቤት ያንቺ ነው?» ብላ ጠይቃት ነበር። «የምኖርበት ነው» ብላ መለሰች። እናቴ ደስ ብሏት ለሰው ሁሉ ስታወራ ሰማች፤ ከዚያ እውነቱን ማውጣት አቃታት። እማማ ብርቄ ያረፉ ጊዜ የመኖሪያ ወረቀት አልነበራትም፤ ከወጣች መመለስ አትችልም።

«ያን ቀንም ዶኛን አጥቤ፣ አብልቼ፣ ከዚያ ነው በረቱ ውስጥ ገብቼ ያለቀስኩት» አለች። «ተከትለውኝ መጡ። ምን እንደሆንኩ በቋንቋቸው እንኳ መናገር አልችልም ነበር። ብቻ እናት የሚለውን ቃል አውቃለሁ፤ እሱን አልኳቸው። ድንጋዩ ላይ አጠገቤ ተቀመጡ። ሦስት ቀን አብረውኝ ተቀመጡ አባባ። ሥራ ስነሣ ይነሣሉ፣ ስቀመጥ ይቀመጣሉ። ሦስት መሆኑን ማን እንደነገራቸው አላውቅም።»

አባባ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ጫፉን እሷ ላይ አደረጉ፤ አመሻሹ ቀዝቅዞ ነበር።

ረቡዕ ስልኩ አልጮኸም። ግድግዳው ሥር ወንበር አስጠግቼ ጠበቅኩ። አባባ ዳዊታቸውን ይደግማሉ፤ ዶኛ ቃሪያ ይሰነጥቃሉ፤ አክስቴ ምድጃውን ትፈትጋለች፤ ሁላችንም ስልኩን እንደማናይ ሆነን እናያለን። ሰዓቱ ካለፈ በኋላ «የስልክ ካርድሽን ትሰጪኛለሽ?» አልኳት አክስቴን። ከመሳቢያ አውጥታ ሰጠችኝና እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወደ ጓሮው በር ሄደች።

«አትውጪ» አልኳት። እንዴት እንደደፈርኩ አላውቅም። በሩ ላይ ቆመች።

ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ተሳስቼ በሦስተኛው ገባ። እናቴ አነሳች። ከበስተኋላዋ የቡና ማሽኑ ሲንጎራጎር ይሰማኛል፤ ለሥራ እየተዘጋጀች ነው።

«ማሂ? ምን ሆናችሁ? አባባ ደኅና ናቸው?»

«ደኅና ናቸው። ማሚ፣ የነገርኩሽ ስህተት ነው።»

«የቱ?»

«ሠራተኛ የላትም። እሷ ናት የምትሠራው። ቤቱ የዶኛ አንሄላ ነው። እትዬ ጽጌ ታጥባቸዋለች፣ ታለብሳቸዋለች፣ ማታ ሲጠሯት እንድትሰማ ከመኝታቸው ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል ነው የምትተኛው። ልክ እንዳንቺ ነው የምትሠራው። እማማ ብርቄ የሞቱ ጊዜ ወረቀት አልነበራትም።» ትንፋሼ አለቀ። «ድንች የሚልጡት ሥራ ፈትተው ቁጭ ማለት ስለማይወዱ ነው።»

የቡና ማሽኑ ቆመ። የካርዱ ደቂቃ እንዳያልቅ ፈራሁ።

«ብቻዋን ነው?» አለች እናቴ።

«ምኑ?»

«ብቻዋን ነው ሴትየዋን የምታነሣቸው? የሚያግዛት የለም?»

«የለም።»

«ከባድ ናቸው?»

ዶኛን አየኋቸው። «ትንሽ» አልኩ።

«ስጪያት» አለች እናቴ።

እጀታውን ወደ አክስቴ ዘረጋሁ። መጀመሪያ የኔን ፊት፣ ከዚያ የአባባን አየች። አባባ ከዳዊታቸው ቀና አላሉም። መጥታ ተቀበለችኝና ጆሮዋ ላይ አደረገች። እናቴ ምን እንዳለቻት አልሰማሁም። ብቻ አክስቴ ዓይኗን ጨፈነችና፣ ትንሽ ቆይታ «አዎ፣ ያመኛል። ወገቤን። በተለይ ጠዋት» አለች።

ስለ ቀብሩ ወይም ስለ ቤቱ ይነጋገሩ እንደሆነ ብዬ ጠበቅኩ። አልተነጋገሩም፤ ወይም እኔ እያለሁ አልተነጋገሩም። አክስቴ ታዳምጣለች። «ብብታቸው ሥር ነው የምይዛቸው… አይደለም እንዴ?… እንዴት?» ትላለች። ከዚያ እጀታውን በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል አጣብቃ ሁለቱንም እጇን ነጻ አደረገች። ጉልበቷን አጠፍ፣ ወገቧን ቀጥ አድርጋ፣ እዚያ የሌለ ሰው እንደምታቅፍ ክንዶቿን አየሩ ላይ ዘረጋች። ዶኛ ቢላቸውን ይዘው በመገረም ያይዋታል። አክስቴ እናቴ እንደማታያት ረስታ፣ አንዴ ዝቅ አንዴ ከፍ እያለች፣ «እንዲህ? እንዲህ ነው? ቆይ፣ ልድገመው» ትላታለች።